ቢስክሌትን በስንት ጊዜ ማስፈተሽ ይገባል?

ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የቀረበ ምክር

ብልህ ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ የሚያስለው ዝናብ ሳይጥል ነው። ሞፈሩ ተሰንጥቆ፣ ቀንበሩ ላልቶ፣ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ሆነ በግንቦት ይመረምረዋል፤ በሐምሌ መሬቱ ርሶ፣ በሬው ተጠምዶ ሳለ ሞፈር ፍለጋ ወደ ዱር አይወርድም። ለማረሻ የምናውቀውን ይህን ደንብ ግን ብዙዎቻችን ለቢስክሌት አናውለውም። ቢስክሌት የሚመረመረው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ከጠጋኝ ደጅም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እየተገፋ ነው።

ቢስክሌት ላለው ገበሬ ይህ ዕቃ እንቁላሉንና ቅቤውን ለገበያ የሚያደርስበት፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክበት መሣሪያ ነው። ለልማት ሠራተኛም ከጎጥ ወደ ጎጥ፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚያደርሰው እግሩ ነው። ስለዚህ «በስንት ጊዜ ልመርምረው? በስንት ጊዜስ ለጠጋኝ ልስጠው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንሰጣችኋለን፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እንዘረዝራለን።

መልሱ ይህ ነው፤ ቢስክሌት የሚመረመረው በወር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባገኘው ጭቃና አቧራ መጠን ነው። ባለቤቱ ከመንዳቱ በፊት ሁልጊዜ ያየዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ያጸዳዋል፤ በወር አንድ ቀን ብሎኑንና ዳዶውን ሁሉ ይፈትሻል። ለሙሉ ምርመራ፣ ዛሬ ሰርቪስ ለሚባለው፣ ወደ ጠጋኝ የሚወስደው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ክረምት ሲወጣም በመስከረም መጨረሻ። በየቀኑ የሚነዳ የልማት ሠራተኛ በጥር ሦስተኛ ጊዜ ይጨምራል።

1. የመንገዳችን ጠባይ

ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ሜዳ ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው። የቢቸና ጤፍ ስሙ የተጠራው በዚሁ አፈር ነው፤ ነገር ግን ለጤፍ የሚመች አፈር ሁሉ ለቢስክሌት አይመችም። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በጎማውና በሹካው መካከል ገብቶ ጎማው እንዳይዞር ያግዳል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ይጠነክርና ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑንና የጎማውን እምብርት ቀፍድዶ ይይዛል።

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት ወዲህ ጭቃው ይደርቅና በበጋ አቧራ ይሆናል። አቧራ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በዘይት በራሰ ሰንሰለት ላይ ሲያርፍ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናል። በዚህ ላይ አገራችን ከሜዳ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሜዳ የሚወርድና የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ሰንሰለትን ይፈትናል።

በባሕር ዳር ቢስክሌት የሚነዳው ሰው ብዙ ነው፤ ከተማው ሜዳ ነው፤ ዋና ዋናው መንገዱም አስፋልትና የተነጠፈ ድንጋይ ነው። በዚያ የሚነዳ ሰው ሰንሰለቱን ሳያጸዳ ከእናንተ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቢቆይ ጉዳቱ ያነሰ ይሆናል። ከቢስክሌት ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ወረቀትም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «በየስድስት ወር» የሚል ብታገኙ፣ ያ ቁጥር በእነማይ ወይም በሁለት እጁ እነሴ ጭቃ ውስጥ ለሚነዳ ሰው እንዳልተጻፈ ዕወቁ።

2. ሳይሰበር መመርመር ስለ ምን ይጠቅማል?

ሀ. ስለ ሰንሰለት። ሰንሰለት አረጀ ሲባል ብዙ ሰው «ተለጠጠ» ይላል። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። ሰንሰለት ከ100 በላይ መገጣጠሚያ አለው፤ በየመገጣጠሚያው ያለችው ፒን ከቀለበቷ ጋር እየተፋተገች በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች። የእያንዳንዷ መበላት ከጠጕር የቀጠነ ነው፤ ሁሉም ሲደመር ግን ሰንሰለቱን ያረዝመዋል። የረዘመ ሰንሰለት በጥርሱ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ እየተንሸራተተ ጥርሱን ይልገዋል። በዚህ ምክንያት ሰንሰለቱን በጊዜው የለወጠ ሰው አንድ ዕቃ ይገዛል፤ የዘገየ ሰው ግን ሰንሰለቱን፣ ትልቁን የፊት ጥርስና ትንሹን የኋላ ጥርስ፣ ሦስቱን ይገዛል። በበላው ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢያገባ አዲሱም ቶሎ ይበላል።

ለ. ስለ ፍሬን። ፍሬን የሰው ሕይወት ነው። የቢስክሌት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ይህን በእግሩ ሊያቆመው አይችልም። የጎማው ቸርኬ ከብረት የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል፤ በደረቅ ጊዜ የሚያቆመው ፍሬን በዝናብ ጊዜ በቶሎ አያቆምም። በበጋ «እንደምንም ይይዛል» የተባለ ፍሬን በሐምሌ አይይዝም። ልጅ አፈናጦ ቁልቁለት የሚወርድ አባት ፍሬኑ መድከሙን መማር ያለበት በቁልቁለቱ ላይ አይደለም።

ሐ. ስለ ሥራ መስተጓጐል። የልማት ሠራተኛው ቢስክሌት ለአንድ ሳምንት ቢቆም ኪሳራው የሠራተኛው ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምችን ተመልከቱ። ይህ ትል በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። ትሉ ከተፈለፈለ በኋላ በሙቅ አገር ከ2 እስከ 3 ሳምንት በቆሎውን ሲበላ ይቆያል። ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መግደልም፣ በመድኃኒት ማጥፋትም ይቻላል፤ አድጎ በበቆሎው ሙሽራ ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ ግን መድኃኒቱ አያገኘውም። ስለዚህ በዚያ አንድ ሳምንት ማሳውን የሚያይ ሰው መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው። የስንዴ ዋግም እንዲሁ ቀን አይሰጥም። ባለ ማሳውም ለመጥራት፣ ሠራተኛውም ለመድረስ የሚነዱት ቢስክሌት ዝግጁ መሆን አለበት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

3. ባለቤቱ ራሱ የሚሠራው ሥራ

ከቢስክሌት እንክብካቤ ብዙው ክፍል የጠጋኝ ሥራ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልማድ ነው።

ከመንዳት በፊት ሁልጊዜ። ሁለቱን ጎማዎች በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ እዩ፤ ጣታችሁ በቀላሉ ከሰመጠ ንፉት። ትክክለኛው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ በቁጥር ተጽፏል። የላላ ጎማ ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተነክሶ ይቀደዳል። ቀጥሎ ቢስክሌቱን ወደ ፊት እየገፋችሁ የፊቱን ፍሬን ያዙ፤ የኋላ ጎማው መነሣት አለበት። የኋላውን ስትይዙ ደግሞ ጎማው ሳይዞር መጐተት አለበት። ከዚያ መሪውን በእግራችሁ መካከል የፊት ጎማውን ጨብጣችሁ ግራና ቀኝ ሞክሩ፤ መሪው ብቻውን ከዞረ ብሎኑ ላልቷል። ይህ ሁሉ ፈረስ ሲጫን እምዩን እንደ መፈተሽ ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ጭቃ ውስጥ ከነዱ በኋላ በዚያው ቀን። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላል። ዋልካ ርጥብ ሳለ በእንጨት ተጠርጎ ይወድቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሲፈነቀል ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ ቀለሙ የተነሣበት ብረት ደግሞ ይዝጋል። ጭቃውን በእንጨት ጥረጉ፤ ቀጥሎ በርጥብ ጨርቅ አብሱ። ቢስክሌቱን ወንዝ ውስጥ አትንከሩት፤ ውኃም በኃይል በጎማው እምብርትና በመርገጫው ወገብ ላይ አትርጩ። ውኃው ግሪሱን አጥቦ አሸዋውን በቦታው ይተካል። ከታጠበ በኋላ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ አድርቃችሁ በዚያው ማታ ዘይት ስጡት።

በሳምንት አንድ ጊዜ። ቢስክሌቱን ገልብጣችሁ መሪውና ኮርቻው መሬት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ሰንሰለቱን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ መርገጫውን ወደ ኋላ እያዞራችሁ ጥረጉ። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣል አድርጉ፤ ጥቂት ቆዩና በላዩ የቀረውን በጨርቅ አብሱ። ዘይት የሚፈለገው በመገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ በውጭ የቀረው ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። በመጨረሻ ጎማውን አዙራችሁ እዩ፤ የተሰካ እሾህ፣ ሚስማር ወይም ስለታም ጠጠር ካለ አውጡት። የግራር እሾህ የውስጡን ጎማ ወዲያው ላይበሳው ይችላል፤ በዙር ብዛት ግን እየገባ ይሄዳል።

በወር አንድ ጊዜ። በገበያ ቀን ዋዜማ ቢሆን ይመረጣል፤ የጎደለ ነገር ቢገኝ በነጋታው ከገበያ ሊገዛ ይችላልና። የሚከተሉትን ፈትሹ።

የጎማው ሽቦ፦ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በእጃችሁ ጭመቁ። የላላ ወይም የተሰበረ ካለ ለጠጋኝ አሳዩ። አንድ ሽቦ ሲሰበር ሸክሙ በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃልና እነርሱም ተከትለው ይሰበራሉ። ይህ እንደ ቤት ምሰሶ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ይጐብጣሉ።

የጎማው እምብርት፦ ጎማውን ከላይ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ቢያንኳኳ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም በልቷል። በእጅ አዙራችሁ ስትለቁትም እየገራገረ የሚቆም ከሆነ ውስጡ አሸዋ ገብቷል።

የፍሬን ላስቲክ፦ ከቸርኬው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ርቆ መቆም አለበት። ጎማውን የሚነካ ከሆነ ጎማውን ይቀደዋል፤ ብረቱ ከላስቲኩ ወጥቶ ቸርኬውን የሚነካ ከሆነ ቸርኬውን ይቦረቡረዋል። ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ከሆነ ሽቦው ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ተበትኖ እንደ ሆነ እዩ፤ አንድ ክር ከተበጠሰ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

የሰንሰለቱ ውጥረት፦ ማርሽ የሌለው ቢስክሌት ሰንሰለት በመካከሉ በጣት ሲነሣና ሲጫን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ ይገባዋል። ከዚህ ከላላ ይወልቃል፤ ከዚህ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይጐዳል።

የሰንሰለቱ ርዝመት፦ ከተማሪ ልጃችሁ ማስመሪያ ተበድራችሁ ሰንሰለቱን ሳብ አድርጋችሁ ለኩ። ከአንዲት ፒን መካከል ተነሡና 24 ፒን ቁጠሩ፤ የተነሣችሁባትን አትቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጊዜው አልፏል፤ ይለወጥ። ማስመሪያው ለዚህ ርዝመት የሚያጥር ከሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሠራል።

ብሎንና ዳዶ፦ የመሪውን፣ የኮርቻውን፣ የሁለቱን ጎማዎች፣ የዕቃ መጫኛውን ሁሉ በቁልፍ ሞክሩ። የግራው ፔዳል ጥርስ ከሌላው የተለየ መሆኑን አትርሱ፤ የግራው ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፣ የሚፈታውም ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በኃይል የሚያዞሩ ሰዎች የፔዳሉን ጥርስ ያበላሹታል።

4. የትኛው ዘይት?

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታልና ለብቻው እንጽፈዋለን።

የኑግ ዘይት ለሰንሰለት አይሆንም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየወፈረ የሚያጣብቅ ጠባይ አለው፤ በሰንሰለቱ ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆናል። ቅቤም እንዲሁ በብርድ ይረጋል፤ አቧራም ይሰበስባል። ሁለቱም ለወጥ እንጂ ለብረት አይደሉም።

ከመኪና ወይም ከወፍጮ ሞተር የተቀዳ ያገለገለ ጥቁር ዘይትም አይመከርም። በሞተሩ ውስጥ ሲሠራ የከረመ ስለ ሆነ ጥላሸትና ደቃቅ የብረት ብናኝ አለበት፤ ቆዳንም ይጐዳል። ያልተሠራበት ቀጭን የሞተር ዘይት ወይም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ግን ይበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ስለ ሆነ ለበጋ ይመቻል፤ በክረምት ግን ዝናብ ቶሎ ያጥበዋልና የሞተሩ ዘይት ይሻላል።

ለእምብርቱ፣ ለመሪው አንገትና ለመርገጫው ወገብ የሚሆነው ዘይት ሳይሆን ግሪስ ነው። በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ ላይ ግን ዘይትም ግሪስም ፈጽሞ አይንካ። ከነካ በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ ላስቲኩ ዘይት ከጠጣ ለውጡት።

5. በግንቦትና በመስከረም ከጠጋኙ ዘንድ

ባለቤቱ በውጭ ያለውን ያያል፤ በውስጥ ያለውን የሚከፍተው ግን ጠጋኝ ነው። ሰርቪስ የተባለውን ሥራ ስታሠሩ «እየው» ብላችሁ ብቻ ትታችሁት አትሂዱ። የሚከተለውን በስም ጥሩለት።

በመጀመሪያ፣ የፊትና የኋላ እምብርት ይከፈት። በውስጡ ልጆች እንደሚጫወቱበት ብይ ያሉ ትናንሽ የብረት ድቡልቡሎች አሉ። በጋዝ ታጥበው ይታዩ፤ ለዛቸው የጠፋ ወይም የተቦረቦሩ ካሉ ሁሉም በአንድነት ይለወጡ። ሲከፈትም ሲዘጋም ይቆጠሩ፤ በብዙ ቢስክሌት ላይ የፊቱ በአንድ ወገን 10፣ የኋላው በአንድ ወገን 9 ነው። ከዚያ በአዲስ ግሪስ ይታሸጉ። ሲታሰር ጎማው ሳይነቃነቅ በነጻ መዞር አለበት። አንዳንድ አዳዲስ ቢስክሌቶች ግን የተደፈነ ኩሽኔታ አላቸው፤ እርሱ አይከፈትም፤ ሲያንኳኳ በሙሉ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ የመርገጫው ወገብና የመሪው አንገት እንዲሁ ተከፍተው ይታጠቡ፤ በግሪስም ይሞሉ። እንደ ቻይናው ፎኒክስና እንደ ህንዱ ሂሮ ባሉት ከባድ ቢስክሌቶች በብዙዎቹ የመርገጫው ክንድ በትንሽ የብረት ሽብልቅ የተያዘ ነው። ክንዱ በረገጣችሁት ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሽብልቁ ላልቷል። እንዲህ እያለ ከተነዳበት ክንዱ ራሱ ይቦረቦራል።

ሦስተኛ፣ የተጣመመ ጎማ ይቃና፤ ሽቦዎቹ እኩል ይወጠሩ።

አራተኛ፣ የፍሬኑ ላስቲክና ሽቦ ወይም ዘንጉ ይታይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ በግንቦት ይሠራ። አሮጌ የፍሬን ላስቲክ ይዞ ክረምት መግባት አይገባም።

አምስተኛ፣ ሰንሰለቱ ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይዘፈዘፍና ይታጠብ፤ ይለካም።

ሁለቱ ጊዜያት የተመረጡት በምክንያት ነው። የግንቦቱ ለመከላከል ነው፤ አዲስ ግሪስ በመገጣጠሚያው ሞልቶ ሲቆይ የክረምቱ ውኃ መግቢያ ያጣል። የመስከረሙ ደግሞ ለማውጣት ነው፤ በክረምቱ የገባው ውኃና ደለል እስከ ጥር ቢቆይ በአጨዳውና በውቂያው ወራት ሁሉ ኩሽኔታውን ሲፈጭ ይከርማል። ለሁለት የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው አንዱን ብቻ ለመምረጥ ቢገደድ የመስከረሙን ያስፈትሽ፤ የግንቦቱን ግን ቢያንስ ፍሬኑን ራሱ ይለውጥ።

6. ጎማ ሲበሳ

አየር የሚነፋውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 ለዓለም ያስተዋወቀው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በአየርላንድ ቤልፋስት ከተማ የሚኖር የከብት ሐኪም ነበር። ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ብሎ የሠራው ነገር የዓለምን መንገድ ሁሉ ለወጠ። የሠራው ጎማ ጥቅሙ በአየሩ ነው፤ ጎማ ያለ አየር ጨርቅና ላስቲክ ብቻ ነው። ስለዚህ በተነፈሰ ጎማ ላይ ተቀምጣችሁ «ቤት እስክደርስ» ብላችሁ አትንዱ፤ ወርዳችሁ ግፉ። ያን ትንሽ መንገድ ብትነዱ የውጩም የውስጡም ጎማ፣ ቸርኬውም ይበላሻል።

ለመለጠፍ የውስጡን ጎማ አውጥታችሁ ንፉና በውኃ ውስጥ አድርጉ፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አድርቁት፤ በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት፤ ማስቲሹን በስሱ ቀቡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ማስቲሹ በጣት ሲነካ እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ከዚያ መለጠፊያውን አጥብቃችሁ ጫኑ። ገና ርጥብ ሳለ የተለጠፈ ቶሎ ይለቃል። በዳርና ዳሩ የቀረው ማስቲሽ ከውጩ ጎማ ጋር እንዳይጣበቅ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ወደ ቦታው ሳትመልሱ የውጩን ጎማ ውስጡን በጣታችሁ በቀስታ ዳስሱ፤ እሾሁ በዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱን ልጥፍ ከመንገድ ሳትርቁ ይበሳዋል።

7. ለእናንተ በስንት ጊዜ?

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሒሳብ ይሥራ። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

ከሚኖርበት ከተማ እስከ ቀበሌው 6 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የልማት ሠራተኛ በቀን 12፣ በሳምንት አምስት ቀን 60 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 3,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ሳይቈጠር። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ገበያ የሚወጣ፣ ደርሶ መልሱም 20 ኪሎ ሜትር የሆነ ገበሬ በዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሠራተኛው ከገበሬው ሦስት እጥፍ ይነዳልና ሦስተኛውን ሰርቪስ በጥር መጨመሩ፣ ሰንሰለቱንም በየወሩ መለካቱ ግዴታው ነው። ገበሬው ሰንሰለቱን በየሦስት ወሩ ቢለካ ይበቃዋል፤ ፍሬኑንና ጎማውን ግን በነዳ ቁጥር ያያል።

ጭነት የሚጭን ሰው ሽቦውንና የኋላውን እምብርት በየሁለት ሳምንቱ ይመልከት። ኩንታል ለቢስክሌት አይሆንም፤ ለአህያ እንኳ ከአቅሟ በላይ ነው።

ቢስክሌቱ ሳይነዳ ቢቆምም ከምርመራ ነጻ አይደለም። በክረምት ሥራ በዝቶባችሁ ጥጉ ላይ ካቆማችሁት አስቀድማችሁ አጽዱት፤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀቡት፤ ጎማውን ነፍታችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከብት ካለበት ከጋጣ አጠገብ አታቁሙት፤ የሽንቱና የእበቱ እርጥበት ብረትን ያዝጋል።

8. ማጠቃለያ

ይህችን ሠንጠረዥ ቀዳችሁ ቢስክሌቱ በሚቆምበት ግድግዳ ላይ ለጥፏት።

ከመንዳት በፊት ሁልጊዜ፦ አየር፣ ፍሬን፣ መሪ።

ጭቃ ውስጥ ከነዱ በዚያው ቀን፦ ጭቃ መጥረግ፣ ሰንሰለት ማድረቅና ዘይት መስጠት።

በየሳምንቱ፦ ሰንሰለት ማጽዳት፣ እሾህ መልቀም።

በየወሩ፦ ሽቦ፣ እምብርት፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የሰንሰለት ውጥረት፣ ብሎንና ዳዶ፤ በየቀኑ ለሚነዳ የሰንሰለት ርዝመትም፣ ለሌላው በየሦስት ወሩ።

በግንቦት፦ ሙሉ ሰርቪስ፤ አዲስ የፍሬን ላስቲክ።

በመስከረም መጨረሻ፦ ሙሉ ሰርቪስ፤ እምብርቱ ተከፍቶ ይታጠብ።

በጥር፦ በየቀኑ ለሚነዳ ሦስተኛ ሰርቪስ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ የጎማ መንፊያ ፖምፓ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ አሮጌ ጨርቅ። አንድ ሰው ብቻውን መግዛት ቢከብደው ባለ ቢስክሌት የሆኑ ጎረቤታሞች አዋጥተው ቢገዙ፣ ወይም በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ ሣጥን መሣሪያ ቢቀመጥ ለሁሉ ይደርሳል። የልማት ሠራተኞችም በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቀን መርጣችሁ ባለ ቢስክሌቶቹን በማዕከሉ ሰብስቡ፤ የፍሬንና የሰንሰለት ምርመራውን በእጃችሁ ሠርታችሁ አሳዩ። እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ይህም በጆሮ ከመሰማት ይልቅ በዓይን ሲታይ ይያዛል።

ሰርቪስ ያሠራችሁበትን ቀንና የተለወጠውን ዕቃ በደብተር ጻፉ። በሚመጣው ዓመት ደብተራችሁን ስትገልጡ በየትኛው ወር ምን እንደሚበላ የራሳችሁ ቢስክሌት ይነግራችኋል፤ በስንት ጊዜ መመርመር እንዳለበትም ከማንም ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።